ዘር ቆጠራ በክፍል ዐሥራ ሁለት

ቶሎ በሕይወቷ ብዙ ነገር አታመሰግንም፤ ለማመስገን ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ መቆም አይሆንላትም። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ታመሰግናለች፦ የፋኩልቲው ጸሐፊ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩትን አንድ ስረዛ።

«ቶሎ» ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ እስኪፈላ መጠበቅ አቅቷት እሳቱን ለቀቀችበትና ብልቃጡን አፈነዳችው። ስድስት ዓመት አለፈ፤ ስሙም ጠባዩም አልለቀቃትም። የሚገርመው ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ቦሎቄን ነው። ቦሎቄ ደግሞ ማንም ስለቸኮለበት አይበቅልም።

በዚያ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ላፕቶፕዋን ታቅፋ ወደ ክፍል ዐሥራ ሁለት ስትገባ አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሰሌዳውን ሲያጠፉ አገኘች።

«ይቅርታ፣ ክፍሉ የኔ ነው» አለች።

«የኔም ነው» አሉ ሳይዞሩ።

«በሩ ላይ ተለጥፏልኮ! ዘር ቆጠራ፣ ስምንት ሰዓት፣ ክፍል ዐሥራ ሁለት።»

«አዎ፣ እሱ እኔ ነኝ። ዘር ቆጣሪው።»

ቶሎ ወጥታ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው። የተጻፈው ይኸው ነው፤ የማን እንደሆነ አይልም። እየሮጠች ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ወረደች።

«እትዬ፣ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ሰጡ እንዴ?»

ጸሐፊዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «አንድ ዓይነት ማመልከቻ ሁለቴ መጣልኝ። ሁለቱም ዘር ቆጠራ፣ ሁለቱም ማክሰኞ፣ ሁለቱም ስምንት ሰዓት። ተማሪ ሁለቴ ማስገባት ልማዱ ነው ብዬ አንዱን ሰረዝኩት።»

«ከየትኛው ትምህርት ክፍል እንደመጣ አላዩም?»

«ቶሎ በይልኝ፣ ቶሎ በይልኝ ስትዪኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም? ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ። ሌላ ክፍል የለኝም። ተስማሙ፣ ተጣሉ፣ የራሳችሁ ጉዳይ። ዐሥር ሰዓት ላይ ቁልፌ ይመለስልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቶሎና ለመሰሎቿ ዘር ቆጠራ ማለት መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር ነው። ሽማግሌው የጥንታዊ ጽሑፍ መምህር ናቸው፤ የእሳቸው ዘር ቆጠራ የእጅ ጽሑፎችን ዝምድና ማጥናት ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ፣ ማን የማን አባት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ። የሁለቱን ትምህርት ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ግቢ ነው፤ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ቶሎ አንድም ቀን ተሻግራው አታውቅም።

ተመልሳ ስትመጣ ሰው ተቀምጧል። የእሷ ወገን ስድስት፣ የመምህሩ ሁለት። አንድ ደግሞ ወገኑ ያልታወቀ ተማሪ ከኋላ አለ። «ፖለቲካ መስሎኝ ነው የመጣሁት» አለ፣ ግን አልወጣም።

«ልጅቷ ትቅደም» አሉ መምህሩ። «የኔዎቹ አምስት መቶ ዓመት ጠብቀዋል፣ ሃምሳ ደቂቃ አይከብዳቸውም።»

ቶሎ አላመሰገነቻቸውም። ጊዜ አልነበራትም። በዘጠነኛው ቀን የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለውን ይወስናል። የጥናቷ መነሻ በዘር ማከማቻው መዝገብ ላይ ቁጥር 116 ተብሎ የተመዘገበ ቦሎቄ ነው፤ «ድርቅ የሚችል፣ ግንዱ ሐምራዊ» ይላል። ሁለት ወቅት ዘራችው። ሁለቱንም ጊዜ ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ውሃ ሲቋረጥበትም ከሁሉ ቀድሞ ደረቀ። አማካሪዋ አጭር ሰው ናቸው፣ በቁመትም በንግግርም። «ወይ ሐምራዊ ግንድ ታሳይያቸዋለሽ፣ ወይ እነሱ በሩን ያሳዩሻል» ብለዋታል። እናቷ ደግሞ በየእሑዱ እየደወሉ «ያ ቦሎቄሽ ዛሬም አልደረሰም? እኔ በአንቺ ዕድሜ ሁለት ልጅ አድርሻለሁ» ይሏታል።

እንደ ልማዷ ተንደርድራ አቀረበች። መጨረሻ ላይ የአራት መዝገቦች ፎቶ ግድግዳው ላይ ወጣ።

«መዝገቡ አራት ቅጂ አለው» አለች። «ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፣ እርስ በርስም ይስማማሉ፤ ሐምራዊው 116 ነው ይላሉ። አራተኛው ይኼ አስቀያሚው ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ በእርሳስ ነው። እሱ ብቻውን 117 ይላል። እኛ ማንኛውንም ነገር በሦስት ድግግሞሽ ነው የምንሠራው። ሦስቱ ስለተስማሙ ሦስቱን ይዣለሁ። ስለዚህ ዘሩ ራሱ ጠባዩን ሳይለውጥ አልቀረም።»

መምህሩ እጃቸውን አወጡ። «ማን ነው ከማን የገለበጠው?»

«ምኑን?»

«መዝገቡን። ሦስት ሰዎች በየተራ ማከማቻው ውስጥ ገብተው፣ ጠርሙሱን እያዩ ጻፉት? ወይስ አንዱ ከሌላው ገለበጠ?»

«አላውቅም። ምን ለውጥ ያመጣል? ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው።»

«የኔ ልጅ፣ አንድ ወሬኛ ለሦስት ሰው ቢያወራ፣ ሦስት ምስክር አገኘሁ ትያለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉ የሳቀው ፖለቲካ ፈልጎ የመጣው ልጅ ነው። ቶሎ ጆሮዋ ጋለ።

«የእርስዎ ብራና ሌላ፣ የኔ ቦሎቄ ሌላ።»

«ልክ ነሽ። ገልባጭ ግን የትም ገልባጭ ነው። ይርበዋል፣ ያንቀላፋል፣ ቶሎ ጨርሶ ቤቱ መግባት ይፈልጋል።»

ከዚያ የእሳቸው ተራ ደረሰ። ልትወጣ ነበር፤ ግን የላፕቶፕዋ ሽቦ ከእሳቸው ሽቦ ጋር ተጠላልፎባት ቀረች። የተናገሩትን አብዛኛውን አልሰማችም። አንዲት ነገር ግን ሳትወድ ገባቻት። «ትክክለኛው ቃል ዝምድና አይነግረንም» አሉ፤ «ትክክል የሁሉም ነው። ስሕተት ግን እንደ አፍንጫ ነው፣ በዘር ይወረሳል። ሁለት መጽሐፍ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ስሕተት ከተሳሳቱ፣ ቢክዱም ዘመዳሞች ናቸው።»

ቁልፉን ስትመልስ እየተነጫነጨች ነበር። እራት ስትበላም እንደዚያው። ጠዋት ስትነሳ ግን ማከማቻው ሄዳ አራቱንም መዝገብ በፊርማ አወጣች፤ ግቢውንም ተሻገረች።

የመምህሩ ቢሮ ከሕንጻው ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። መስኮቱ በአላፊ አግዳሚው ጫማ ልክ ነው። ሲያዩዋት አልተገረሙም።

«እጅሽን ታጠቢ» አሉ።

«ቆሻሻ መዝገብኮ ነው።»

«ታጠቢ።»

ታጠበች። መምህሩ አራቱን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና ገጹን አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። ቶሎ እግሯን መሬት ላይ ታንኳኳለች።

«መምህር፣ በቀጥታ 116ን ቢያዩት አይሻልም?»

«እሱን አንቺ ሁለት ዓመት አይተሽዋል። እኔ ሌላ ሌላውን ልይ።» ይህን ብለው በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። «ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ ላይ ይጠነቀቃል። መጨረሻ ላይ ይደክመዋል። እስቲ ሁለት መቶን አንብቢልኝ።»

«ሁለት መቶ፦ ባዶ» አነበበች። ሁለተኛውም መዝገብ «ባዶ» ይላል። ሦስተኛውም «ባዶ»። አስቀያሚው ግን «ደቃቅ፣ ከኮረብታው ግርጌ የመጣ» ይላል።

«ሁለት መቶኛው ጠርሙስ እውነት ባዶ ነው?»

ቶሎ ጠርሙሱን ታውቀዋለች። ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። የማከማቻው ሠራተኛ «ዲቃላው» ይሉታል፤ መዝገብ ላይ አባት የለውምና። ሁሉም ይስቃል። ሙሉ ጠርሙስ እያየች ባዶ የሚል መዝገብ ስታምን ሁለት ዓመት ኖራለች።

«ሞልቷል» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ሦስቱ ያንኑ ስሕተት ተሳስተዋል። ወንድማማቾች ናቸው። ሦስት ምስክር የለሽም፤ አንድ ምስክር ሦስት ኮት ቀያይሮ ነው የመጣብሽ።»

ድግግሞሽ ያለችው ግልባጭ ነበር። ለአንዲት ቃል ሁለት ወቅት ከፍላለች።

ከሁለት መቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ወጡ። እስከ ሰማንያዎቹ ድረስ አስቀያሚውና ሦስቱ በአንድ ቁጥር ይለያያሉ። 83 ላይ ሲደርሱ ገጠሙ። መምህሩ ጣታቸውን አስቀያሚው መዝገብ ላይ አሳረፉ። «ነጭ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ» ይላል 83። «ዳልቻ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ» ይላል 84። በሦስቱ መዝገቦች ላይ ዳልቻው የለም።

«ገልባጩ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ደርድሯል» አሉ። «ከዚያ ቃሉን ይሞላ ጀመር። የነጩን ከወንዝ ማዶ ጻፈ፣ ቀና አለ፣ ምናልባት ሰው ጠራው። ሲመለስ ዓይኑ...»

«ሁለተኛው ከወንዝ ማዶ ላይ አረፈ!» ቶሎ ከወንበሯ ተነሳች። «ዳልቻውን ዘለለው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። የ117ቱ 116 ላይ ተጻፈ። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ተረፈው...»

«ባዶ ብሎ ጻፈ፣ ቤቱ ገባ።»

መስኮቱ ላይ የሰው ጫማ አለፈ። ቶሎ ልትስቅም ልትሳደብም ቃጣት፤ የቱ እንደሚቀድም ስላላወቀች ተወችው።

«አመሰግናለሁ» አሉ መምህሩ።

«እርስዎ? ለምን?»

«ይህን ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። የኔ ገልባጮች ሞተዋል፤ እናት መጽሐፉም ጠፍቷል። ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል የሚለኝ የለም። ያንቺ ግን ይበቅላል። ቁጥር 117ን ዝሪውና እውነቴን እንደሆነ ንገሪኝ። ብሳሳትም ንገሪኝ።»

ቶሎ ይህን አልጠበቀችም። የተቸገረችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ስምንት ቀን ቀርቷል። በዚያው ዕለት ከ117 መቶ ፍሬ ቆጥራ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበረች፤ ከጎኑ መቶ ፍሬ ከ116። በማግሥቱ ጠዋት መምህሩ ኮታቸውን ለብሰው ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ገና ነው» አለቻቸው። «ገና ምንም የለም።»

«አውቃለሁ። ምንም የሌለውን ለማየት ነው የመጣሁት።»

በየቀኑ መጡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጎንበስ ይሉና አሸዋውን እንደ ገጽ ያነቡታል። በአራተኛው ቀን ጸሐፊዋም ብቅ አሉ። «የሰረዝኩት ነገር በቀለ ወይ?» አሉና ሳቁ። ቶሎ አሸዋውን ቆፍራ ማየት እያማራት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ጠብቃ አታውቅም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ስታበራ፣ በግራ በኩል ያሉት የ116ቱ አንገታቸውን አቅንተዋል፣ አረንጓዴ። በቀኝ ያሉት የ117ቱ ገና ጎንበስ እንዳሉ ናቸው፤ ግንዳቸው ግን የበሰለ ወይን ይመስላል።

መምህሩ ሲገቡ ራሳቸው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ቁጠሪ» አሉ። «ዘር ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ።»

እሷ ትቆጥራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ዘጠና አንድ በቅሏል። ዘጠናው ሐምራዊ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ።

«ይኼ ደግሞ የማን ስሕተት ነው?» አሉ አረንጓዴዋን እያዩ፤ ፊታቸው በራ።

«እሱ የንብ ነው» አለች ቶሎ። «ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት ያመጣ ንብ።»

«ንብም ይገለብጣል?»

«ይገለብጣል። ያውም ሳይታጠብ።»

ኮሚቴው ፊት ዘጠናውን ችግኝ ከነአሸዋው ተሸክማ ገባች። አንዱ አባል ድርቅ መቻሉ ገና አልታየም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አማካሪዋ ግን ሳይጠየቁ ተነሡ። «ሦስቱን መዝገብ ያመነችው እኔ እመኚ ስላልኳት ነው» አሉ። «ጊዜው የኔ ዕዳ ነው። አንድ ወቅት ይጨመርላት።» ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቶሎም ከእሳቸው ያን ያህል ረጅም ንግግር ሰምታ አታውቅም። ተጨመረላት።

እሑድ እናቷ ደወሉ። «ደረሰ?» አሉ። «በቀለ» አለች። «እሰይ!» አሉ እናቷ፤ ስለ ሁለቱ ልጆች ሳያነሡ ስልኩን ዘጉ።

ሰኞ ጠዋት ቶሎ ማከማቻው ሄዳ በሁለት መቶኛው ጠርሙስ ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፈች፤ «ደቃቅ፣ ከኮረብታው ግርጌ የመጣ»። ከዚያ ግቢውን ተሻግራ መምህሩን አስፈረመችና ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ወረደች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማመልከቻ አስቀመጠች። ጸሐፊዋ አንዱን አነበቡ፤ ሌላውንም አነበቡ። ሁለቱም ዘር ቆጠራ ይላሉ፣ ሁለቱም ማክሰኞ፣ ሁለቱም ስምንት ሰዓት፣ ሁለቱም ክፍል ዐሥራ ሁለት።

«አሁንስ አውቃችሁ ነው!»

«እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች ቶሎ። ቆም ብላ ነው ያለችው፤ ጸሐፊዋም ይህን አስተውለዋል። «አንዱን ይሰርዙልን።»