ካስኩ ስር የተቀመጠችው ልጅ

የፀጉር ሠሪዋን ምላስ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። «ምላጭ» ብለው ያወጡላት መቀሷን አይተው አይደለም። ግማሹ ደንበኛ ፀጉሩን ሊሠራ፣ ግማሹ እሷ ሰው ስትልጥ ሊሰማ ይመጣል። ታላቅ እህቷ ጥግ ተቀምጣ ጥፍር እየቀባች፣ «ያንን አፍሽን እስኪ በቢጎዲን ጠቅለል አድርጊው» ትላታለች።

«ቢጎዲኑ ይቀልጣል» ትላለች ምላጭ። መልስ አጥታ አታውቅም።

ሙያውን ያስተማራት የለም። በየፀጉር ቤቱ መስኮት እያጮለቀች፣ ያየችውን ቤቷ ገብታ በእህቷ ራስ ላይ እየሞከረች ነው የለመደችው። እህቷ አንድ ክረምት ሙሉ ሻሽ ሳትፈታ የከረመችው በዚሁ ጦስ ነው። ምላጭ ራሷ ስታወራው ያስቃታል፤ ሌላ ሰው ሲያነሳባት ግን ደሟ ይፈላል።

አንድ ጠዋት ከማኅበር የመጣች ሴትዮ በሩን አንኳኳች። ማኅበሩ ሥራ እናስገባችሁ ተብለው የሚሸጡ ልጆችን የሚታደግ ነው።

«ደላሎቹ ከመውሰዳቸው በፊት ያሳምሯቸዋል፤ ትልልቅ እንዲመስሉ» አለች ሴትዮዋ። «ከእኛ ቀድማችሁ የምታዩዋቸው እናንተ ናችሁ።»

ትምህርቷ አጭር ነበር። ዘመድ ነኝ ባይዋንና ልጅቷን ለየብቻ ጠይቂ። መልሳቸው ከተጣላ ደውዪ፤ እስክንደርስ አቆዪያቸው። «ደግሞ አደራ፣ ከእነሱ ጋር እንዳትከራከሪ።»

«እኔ?» አለች ምላጭ። «እኔማ ከግድግዳ ጋር እንኳ አልከራከር።»

እህቷን ጥግ ላይ ሳል ያዛት።

የማቆያውን ዘዴ ምላጭ ራሷ ፈለሰፈችው። ፀጉሯ ታጥቦ በቢጎዲን የተጠቀለለላት ሴት አንዴ ካስኩ ስር ከገባች፣ ቤቷ ቢቃጠል ቶሎ አትነሳም። ማሽኑ ራሷን ውጦ እየጮኸ ስለሚያደርቃት የውጭውን ወሬም አትሰማም። «ከፖሊስ ካቴና ይሻላል» እያለች ትኩራራበት ነበር።

ከዕለታት ባንዱ ከሰዓት፣ ደልደል ያለች፣ አፏ ማር የሆነ ወይዘሮ ልጅ አስከትላ ገባች። «አክስቷ ነኝ። ለፎቶ ነው፤ እስኪ ትልቅ ሴት አስመስዪልኝ።» ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጥታ እግሮቿን ታወዛውዛለች።

ምላጭ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ አድርጋት፣ «አክስትሽ ደስ ትላለች። የእናትሽ እህት ናት የአባትሽ?» አለቻት።

«የእናቴ» አለች ልጅቷ አረፋውን ፈርታ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ሱቅ ልታስቀጥረኝ ነው። ለእናቴ ስልክ እልክላታለሁ።»

ፎጣ ልታመጣ ስታልፍ ወይዘሮዋንም ጠየቀቻት።

«የወንድሜ ልጅ ናት። አፈር ይቅለለውና፣ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው።»

ምላጭ እህቷን ጠቀሰቻት። እህቷ የጥፍር ቀለም አለቀብኝ ብላ ወጣች፤ ስትመለስ ራሷን ዝቅ አደረገች። የማኅበሩ ሴትዮ ፖሊስ ይዛ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ልጅቷ ቢጎዲን ሞልቶባት ካስኩ ስር ገብታለች፤ መጽሔት ታገላብጣለች። የቀረው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ግድግዳ የሚችለው ሥራ።

ወይዘሮዋ ሰዓቷን አየት አደረገች። «እጅሽ እንደ አፍሽ ቢፈጥን ምን ነበረበት?»

ደንበኞቹ ሳቁ። ምላጭ ዋጥ አደረገችው። «ጥሩ ፀጉር ጊዜ ይፈልጋል።»

«የተማሩትማ ቶሎ ነው የሚጨርሱት። አንቺ በእህትሽ ራስ ነው አሉ የተማርሽው። መላጣ ልታስቀሪያት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እህቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ ምላጭም አይታታለች። ግን መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ራሷ ያጠመደችው፣ ራሷ የያዘችው፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰው ሳይሰማው ሊቀር ነው?

«እኔስ በእህቴ ራስ ተማርኩ» አለች ማበጠሪያዋን እያነሳች። «አንቺ አክስትነት የት ተማርሽ? እሷ የእናቴ እህት ትላለች፤ አንቺ የወንድሜ ልጅ ትያለሽ። ወንድምሽ እህትሽን አግብቶ ነው?»

ሳቁ ከፊተኛው ባሰ። አንዷ አጨበጨበች። እውነት ለመናገር፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጣፍጧት ነበር።

ወይዘሮዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትሳደብ፣ ጊዜው ይሄድ ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ካስኩን ወደ ላይ አነሳችው። «ተነሺ የኔ ዓለም። እዚህ እያዋረዱን ነው።»

«እርጥብ ነው እኮ! ብርድ ይመታታል!» ምላጭ በሩ ላይ ተገተረች፤ የልጅቷን ክንድ ያዘች። «ስሚኝ እህቴ፣ ይቺ ሴትዮ አክስትሽ አይደለችም።»

ልጅቷ ካስኩ ውስጥ ሆና ከተባለው አንዱንም አልሰማችም። ያየችው የሚስቅ ቤትና መሳቂያ የሆነች ሴት ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ባትሆንስ? እኔን ያሰበችኝ እሷ ናት። አንቺ ሳቅሽብን እንጂ ምን አደረግሽልኝ?»

ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀች። ከነቢጎዲኑ፣ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ በገዛ እግሯ ታክሲ ውስጥ ገባች።

የማኅበሩ ሴትዮና ፖሊሶቹ ሲደርሱ ካስኩ ባዶ ወንበር ላይ ትኩስ አየር እየተፋ ነበር። የታክሲውን መልክ የነገረቻቸው እህቷ ናት። ምላጭ ከቢጎዲኑ በቀር ያየችው አልነበረም። ፈለጉ፤ የለችም።

«ተቆጪኝ እንጂ» አለቻት ሴትዮዋን።

«ተቆጥቼሽ ምን ላመጣ?»

ምላጭ መልስ አጣች።

ከዚያ ወዲህ ሱቋን እየዘጋች ከሴትዮዋ ጋር በየፀጉር ቤቱ ትዞራለች፤ ስለ ቢጎዲኑና ስለ ካስኩ ታስተምራለች። ስለ ልጅቷ ለመናገር ግን አፏ አይታዘዛትም። እሱን እህቷ ናት የምትናገርላት።

ሌላ ጊዜ አንድ ሰውዬ «እህቴ ናት» የሚላትን ልጅ ይዞ ገባ። መልሳቸው ተጣልቶ እህቷ ደውላለች። ልጅቷ ካስኩ ስር ስትደርቅ እሱ ትዕግሥት አጥቶ ይንቆራጠጣል። «ምን ዓይነት ደነዝ ነሽ? ይህ ሁሉ ሰዓት!»

«ልክ ነህ ወንድሜ፣ እጄ አይፈጥንም» አለች ምላጭ። «ውሃ ላምጣልህ?»

«ምላጭ ዶለዶመች» ብላ አንዷ ደንበኛ አንሾካሾከች። ፖሊሶቹ ገብተው ሰውዬውን ሲይዙት የሳቀ የለም። ልጅቷ ምላጭን እየረገመች፣ እያለቀሰች ከማኅበሩ ሴትዮ ጋር ሄደች። ምላጭ እርግማኑን ቆማ ሰማችው።

አመሻሽ ላይ የእህቷን ፀጉር ትጠቀልል ጀመር። ታክሲ የገባችው ልጅ ይዛው ከሄደች ወዲህ ቢጎዲኑ አይበቃም፤ እንደ ሁልጊዜው የኋላው ቀረ።

«ሌላ ግዢ እንጂ። እስከ መቼ?» አለች እህቷ።

ምላጭ እርጥቡን ፀጉር በእጇ እንደያዘች በመስታወቱ ውስጥ ወደ በሩ አየች።

«ፀጉሯ ደርቆላት ይሆን?» አለች።