የልጅቷ ጉንጭ

«እማዬ፣ ጠባሳው ፊቴ ላይ ይቀራል?» ብላ ልጅቷ እናቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ ከደረጃ ወድቃ ጉንጯ ተልጧል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጠባሳው እንዳይጎላ ቁስሉን በየቀኑ አጥባ፣ ቫዝሊን ቀብታ እንድትሸፍነው ለእናት ነግራታለች።

የእናት ታላቅ እህት ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«ቁስል ታፍኖ ይድናል? ፀሐይ ይምታው እንጂ! እኔ አንቺን ያሳደግኩሽ በቫዝሊን ነው?» አለችና ፋሻውን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች።

እናት ለእህቷ ቃል መልሳ አታውቅም። ክንዷ ላይ ግን ልጅ ሳለች፣ እህቷ ስታሳድጋት፣ ፀሐይ እየመታው የዳነ፣ እንደ ገመድ ያበጠ ጠባሳ አለ። የእህቷን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ በሞቴ ተይው። ዕድሜ ልኳን የምትይዘው ፊት ነው።»

«እንዲህ ነው? እንግዲያው ነርሷ ታሳድግልሽ!»

እህቷ ቦርሳዋን አንስታ፣ በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ሄደች። እናት የልጇን ጉንጭ ቫዝሊን እየቀባች ቀረች።