የቆጣሪው ሌባ

የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ያዥ ያን ጨዋታ ገና ስሙን ስትሰማ ጠላችው፤ «ሌባውን ያዙ» ይባላል። የፈጠረው የሳይንስ አስተማሪው ነው። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አጥፉ» ማለት ስለማይሰለቸው ልጆቹ የአስተማሪውን ስም ትተው «አጥፉ» ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለው በሕንፃው ውስጥ በመብራት የሚሠራውን ሁሉ ያጠፋሉ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የመብራት ቆጣሪው ዘንድ ይሰበሰባሉ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ክብ ብረት ከቆመ አሸነፉ። ከዞረ ግን የሆነ ቦታ መብራት የሚበላ ሌባ አለ።

ሌባዋ ራሷ ቁልፍ ያዧ ነበረች። ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሃል፣ እናቷን ከደበቀች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት መብራቱ ደካማ ስለሆነ የእናቷ የኦክስጅን ማሽን አልሠራ ብሎ ነበር፤ እዚህ ግን ይሠራል። ከታወቀባት እሷም ከሥራ፣ እናቷም ከዚህ ክፍል መውጣታቸው ነው።

«አሁንም ይዞራል» አለች አንዲት ተማሪ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።

«እንግዲያው በር በበር እንፈልጋለና» አለ አጥፉ። «እትዬ፣ ቁልፎቹን ይዘዋል አይደል? ከዚችው ዕቃ ቤት እንጀምር።»

አርባ ልጅ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ሾልካ የምትወጣበት ቀዳዳ እንኳ የለም። የማሽኑን ድምፅ የልጆቹ ጫጫታ ስለዋጠው ብቻ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«የዚችኛዋ ቁልፍ ጠፍቶብኛል፣ መምህር።» ውሸት አታውቅበትም።

«ታዲያ እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ እንቢ አላት። በቃ፣ የመጣው ይምጣ፣ እውነቱን ልናገር ብላ አፏን ከፈተች።

«ቆመ» አለች ተማሪዋ።

ክብ ብረቱ ቀጥ ብሏል። ልጆቹ ኮሪደሩን በጭብጨባ አናወጡት። «ይኸው፣ ሌባው ፈርቶ ሸሸ» ብሎ አጥፉም አጨበጨበ። እሷ ግን አላጨበጨበችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አሁን የሆነ ነገር ያጠፋ ማንም አልነበረም።

አጥፉም ልጆቹም እያዩዋት ልጆቹን ገፍትራ በሩን ከፈተችው። እናቷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። በግድግዳው በኩል ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ከሶኬቱ የነቀለችውን ገመድ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አለቀ?» አለቻት ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጨዋታቸው አለቀ፣ ልጄ?»