ወደ እሷ ያዘነበለው ወንበር

ሰፈሩ አናጺውን "ውሃ ልክ" ይለዋል። የዕቃን መንጋደድ በአረፋዋ የምትናገረው ያቺ መሣሪያ ከኪሱ አትለይማ! ሰው ቤት ሲገባ ጠማማ ፎቶ ካየ ሰላም ከማለቱ በፊት ሄዶ ያቃናዋል። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ የሟቹን ፎቶ ሲያስተካክል ተይዟል፤ እግዜር ያሳያችሁ!

ታዲያ ይሄ ሰው ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ባለ ክንድ ወንበሮች በጋሪ አስጭኖ ወደ አስተማሪዋ ቤት ሲሄድ ልቡ ጮቤ ይረግጥ ነበር። ወንበሮቹ ከእሱ ዕድሜ ይበልጣሉ። እግራቸው ቀጭን ጥቁር ብረት፣ ክንዳቸው በመዳፍ ብዛት የለሰለሰ ቀይ እንጨት፣ ጀርባቸው ወደ ኋላ ለጠጥ ያለ። "እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ማን ይሠራል?" እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሻሻቸው ከርሟል።

አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። እንቅልፍ ያጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"እንኳን መጡልኝ ጋሼ። እማዬ ወንበሮቹ ከወጡ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ቃልም አልተነፈሰችም። ሐኪሙ እስከ ከሰዓት ካልቀመሰች ሆስፒታል አስገቢያት ብሎኛል፤ በአፍንጫዋ በቱቦ ሊመግቧት ነው።"

"አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ስታያቸው ትስቃለች።"

ወንበሮቹን እንደ ድሮው መስኮቱ ስር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ የአስተማሪዋን ሟች አባት ወንበር በግራ፣ የእናትየዋን በቀኝ። ውሃ ልኩን አውጥቶ በሟቹ ወንበር ላይ አጋደማት። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ አለች። ደስ ብሎት ፈገግ አለ።

ልጅቷ እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻት። አሮጊቷ እንደ ልማዷ መዳፏን የባሏ ወንበር ክንድ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋች። ከዚያ ወንበሩን ትክ ብላ አየችውና እጇን ሰበሰበች።

"ተቀይሞኛል" አለች። የሦስት ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው። "ምን በደልኩት? ፊቱን ነሳኝ እኮ!"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የወንበሩን እግር አየች። "ጋሼ፣ ምን አደረጉት?"

"አቃናሁታ! በእናትሽ በኩል ያሉት ሁለቱ እግሮች አጥረው ተንጋዶ ነበር። አዲስ ብረት ቆርጬ ተካሁላቸው።"

"ጨርቁን ብቻ ይቀይሩልኝ አላልኩም?" ቀና አለች። "እግሩን የቆረጠው አባዬ ራሱ ነው! ጆሮው ሲደክም የእማዬ ጨዋታ እንዳያመልጠው፣ ወደ እሷ ዘንበል ይበልልኝ ብሎ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ሆነው አወሩ። ከሞተም ወዲህ ወንበሩ ዘንበል ብሎ ሲጠብቃት፣ የሚሰማት እየመሰላት ታወራለታለች።"

ውሃ ልክ መሣሪያዋን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተታት።

"አሮጌዎቹ እግሮች የት አሉ?"

"ትናንት... ለብረት ለቃሚው ሰጠኋቸው።"

"ስንት ነበር የጎደለው ታዲያ?"

አርባ ዓመት ሲለካ የኖረ ሰው ያችን አልለካትም። ለምን ይለካታል? ጥፋት ናት ብሎ ነዋ ያያት! አይ የሰው ነገር፤ ያልተባሉትን ማቃናት ስንቱን ቤት አፍርሷል!

ልጅቷ ሾርባ አመጣች። ማንኪያው ከተዘጋው ከንፈር ጋር ተጋጭቶ ሾርባው አሮጊቷ ደረት ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አናጺው የሟቹን ወንበር ገልብጦ የብረት መጋዙን አወጣ። ከሁለቱ እግሮች ግማሽ ጣት ግማሽ ጣት ቆረጠ፣ በሞረድ አለሳለሰና አቆመው።

"እማማ፣ እስቲ ይዩልኝ።"

አሮጊቷ በዓይኗ ጫፍ አየችው። "አልታረቀኝም" አለች።

እንደገና ቆረጠ። አሁን ላብ አጥምቆታል። ትንሽ ቢያልፍ ወንበሩ ይገለበጣል፤ ብረት ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፣ ቢያንስ እስከ ከሰዓት። አሮጊቷ ፊቷን ከግድግዳው አልመለሰችም። ሦስተኛ ቆረጠ። አቆመው። ወንበሩ ዘንበል ብሏል፤ በዛ ይሁን ይነስ ግን የሚያውቅ የለም። ውሃ ልኳ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ምን ትረባዋለች?

"ሰው ካልተቀመጠበት ልኩ አይታወቅም" አለና ፈራ ተባ እያለ ራሱ ተቀመጠ። ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ወሰደው። ትከሻው የአሮጊቷን ትከሻ ሊነካ ምንም አልቀረው።

አሮጊቷ ዞረች። መዳፏ በቀስታ መጥቶ ክንዱ ላይ አረፈ።

"አንተ ሰውዬ" አለች። "ስጠራህ ስጠራህ ምነው ዝም አልከኝ?"

ልጅቷ ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አናጺው በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ብሎ አያውቅም፤ ነውር ነው። ባይመልስስ? እጇን ዳግም ልትሰበስብ ነው። ልጅቷ "ጨርቁን ብቻ" ስትለው እሱ እሺ እሺ እያለ ጠማማውን እግር ያይ እንደነበር ትዝ አለው።

"ይቅር በይኝ" አለ። "አልሰማሁም ነበር።"

"አንተ ደግሞ መች ሰምተህ ታውቃለህ!" አለችና አፏን ለማንኪያው ከፈተች።