ማን ማንን ረዳ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እንደ ወዳጅ ሳታፍሩ መልሱልኝ። ከግድግዳ ማዶ ሳቅ ስትሰሙ ጆሯችሁን ለጥፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለጥፌአለሁ። ወሬ ለመልቀም አይደለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እሺ፣ ትንሽ ለመልቀምም ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

የምሠራው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የተማሪው ማኅደር፣ የውጤት ካርዱ፣ መሸኛው፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። የራሴ ልጆች ሦስቱም አድገው የየቤታቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ አሁን የምነጫነጨው በስምንት መቶ የሰው ልጆች ላይ ነው።

ትምህርት ቤታችን አንድ ደንብ አለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሠፈሩን ሠላሳ ሰዓት በነፃ ካላገለገለ ለመልቀቂያ ፈተና አይመዘገብም። አንዱ ችግኝ ይተክላል፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለደከመ ሰው ወረፋ ይይዛል፣ አንዷ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ቤት ገብታ ታግዛለች። ለዚህ ቅጽ አለው። በግራ «አገልግሎት ሰጪ»፣ በቀኝ «አገልግሎት ተቀባይ»፣ መሃሉ ላይ ቀንና ሰዓት። ተማሪ በገዛ እጁ እንዳይሞላው ቅጹ የሚቀመጠው አዛውንቱ ጋ ነው፤ ሲያልቅ በፖስታ ታሽጎ ይመጣል።

ዘንድሮ ለአንዲት ልጅ የምታገለግልበት ቤት ፈልጊላት ተባልኩ። ማኅደሯ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን «ለምንዬ» ነው የምንላት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ «ለምን?» ሳትል የዋለችበት ቀን የለማ። የፊዚክስ መምህሯ እንኳን መሮት «አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንድ ቀን መልስ ይዘሽ ነይ» ብሏታል።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ ስልከኛ እንላቸዋለን። ሠላሳ አራት ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በራችን ጎን ለጎን ነው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ደረጃውን አልወረዱትም፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እርዳታ የሚባል ነገር ስታነሱባቸው ግን አያድርስ ነው። አንዴ ገበያ ስወጣ «ምን ላምጣልዎ?» ብላቸው «ማን ለምኖሽ ነው?» ብለው በሩን ፊቴ ላይ ዘግተውታል።

እንግዲህ ዋሸሁ። ሄጄ አንኳኳሁና፣

«እትዬ፣ አንዲት ተማሪ ነበረች» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርጋት?»

«ትንሽ ችግር አለባት። ጥያቄ ታበዛለች፣ ሰው ይሸሻታል። እንዲያው ትልቅ ሰው አጠገብ ብትውል ትሻሻል ይሆናል ብዬ ነው። እርስዎ ቢረዷት?»

ፊታቸው ፈካ አለ። «ማክሰኞና ሐሙስ ላኪያት። ልክ ዘጠኝ ተኩል። አንድ ደቂቃ ብታሳልፍ አልከፍትላትም።»

ለልጅቷ ደግሞ ሌላ ነገርኳት። «አሮጊቷን ታግዢያቸዋለሽ፤ ግን እያገዝሽ እንደሆነ እንዳታሳውቂባቸው።»

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ብዬሻለሁ!»

ስጸልይ ነገሩ ትዝ አለኝ። «ጌታዬ፣ ለበጎ ብዬ ነው» አልኩና ቶሎ ወደ ሌላው ጸሎት አለፍኩ። ቶሎ ያለፍኩት ለምን እንደሆነ እኔም እሱም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ የግድግዳው ነገር መጣ። ከሥራ ስገባ ከማዶ «ሃሎ! ማን ልበል?» ይላል የእትዬ ድምፅ። ከዚያ ዝም። አሁንም ዝም። እኔ እንኳን ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ልጅቷ አንድ ነገር ትላለች፣ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ስልኩ ሲጮህ አልሰማሁም፤ ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? አንድ ሐሙስ አላስችል አለኝ። ቤቴ ጨው ሞልቶ ተርፎ፣ ጨው ልዋስ ብዬ አንኳኳሁ። በሩ ገርበብ ሲል አየኋቸው። ሁለት ወንበር ጀርባና ጀርባ ተደርጓል። ልጅቷ በአንዱ ተቀምጣ የፀጉር ማበጠሪያ ጆሮዋ ላይ ይዛለች።

«መስመር ላይ ነን፤ ቆይተሽ ደውዪ» ብለው እትዬ በሩን ዘጉት። ጨዉንም አልሰጡኝ።

ሁለት ሁለት ሰዓት እየዋለች አሥራ አምስቱ ቀን ሞላና ፖስታው መጣ። በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። ምክትሉ በዕድሜ ሁለተኛ ልጄን ነው የሚያክለው፤ ሥርዓት ያለው፣ ግን ደንብ ላይ ግትር የሆነ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ይቺን ይመልከቱልኝ እስቲ» ብሎ ቅጹን አዞረልኝ።

ጽሕፈቱ ያምራል። ሰዓቱ በደቂቃ ተቆጥሯል። ፊርማው አንድ ሳይቀር አለ። ግን አሥራ አምስቱም መስመር ላይ፣ በ«አገልግሎት ሰጪ» ሥር የእትዬ ስም፣ በ«አገልግሎት ተቀባይ» ሥር የልጅቷ ስም ነው የተጻፈው።

«በዚህ መሠረት ሠላሳ ሰዓት ያገለገሉት ጎረቤትዎ ናቸው» አለኝ። «ልጅቷ ምንም የላትም።»

«አምዱን ተሳስተው ነዋ!»

«አሥራ አምስት ጊዜ?»

እትዬ አልተሳሳቱም። የነገርኳቸውን ነው የጻፉት።

«ምዝገባው የሚዘጋው ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ ሁለት ቀን ነው። የተሟላ ቅጽ ካመጣች እመዘግባታለሁ። ለአንዷ ብዬ ካለፍኩ ግን ነገ በሩን የሚያንኳኳው ብዙ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ደግሞ እውነቱን ነው።

ለምንዬን ጠርቼ ነገርኳት። ዘንድሮ ካልተፈተነች አጎቷ ከትምህርት አስወጥቶ ሱቁ ሊያስቀምጣት ቆርጧል። «ቅጹን እኮ አንድም ቀን አላየሁትም» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው። «ለምን» እንኳን አላለችም። እሷን ያኔ ከማይ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንሿ ልጄ ጋ ደወልኩ። «እማዬ ደግሞ! መዝገብ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው ይሄ የሚያስጨንቅሽ? አዲስ ቅጽ አውጪና አገላብጠሽ ጻፊው፤ ማን ያየዋል?»

«እሱ ያያላ!» አልኳት።

«ማ? ምክትሉ?»

ስልኩን ዘጋሁባት። ግን አልዋሻችሁም፣ መሳቢያዬን ከፍቼ ባዶ ቅጽ አውጥቼ ነበር። እስክሪብቶም አንስቼ ነበር። አንዱ ውሸት እዚህ ካደረሰኝ ሁለተኛው የት ሊያደርሰኝ ነው ብዬ መለስኩት።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ልጅቷን ይዤ እትዬ ቤት ገባሁ። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔን እንድትረዳ ነው የላክሻት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለካ ችግረኛዋ እኔ ነበርኩ።» መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እኔ እኮ ማክሰኞ ማክሰኞ ልብሴን ቀይሬ፣ ሥራ አለኝ ብዬ ነበር የምጠብቃት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ በፈጠረዎት! ብቻ ይቺን ቅጽ ገልብጠው ቢፈርሙልን ልጅቷ ትድናለች።»

«አልፈርምም! አንቺ ዋሸሽ ብዬ እኔም ልዋሽ? ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ሰው በተሳሳተ መስመር አላስገባሁም።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጅቷ ግን ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«እማማ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«የመጀመሪያው ማክሰኞ ምን አደረግን?»

እትዬ ጣሪያውን አዩ። «መጋረጃውን አወረድሽ።»

«አጠብኩት።»

«ሳሙናው በዛ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚታጠበው ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው ሩብ ሰዓቱን ለእኔ ያዢ።»

እናንተዬ፣ እንደዚያ ዓይነት ሒሳብ አይቼ አላውቅም! ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት ተከራከሩ። የመድኃኒቱን ወረቀት አንብባ ያስረዳቻቸው ለልጅቷ። ቁልፍ መትከል ያስተማሯት ለእትዬ። መስኮት የወለወለችው ለልጅቷ፤ «ግን ጥጉን ረስተሻል፣ አሥር ደቂቃ ቀንሺ!»። ወንበሮቹ ዘንድ ሲደርሱ እኔ አላስቻለኝም።

«እሱስ ምን ነበር?» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ።

«ስልክ ነዋ» አሉ እትዬ በቁጣ። «ፊት ፊቱን ካየሽው የሰውየውን ድምፅ አትሰሚም። ይቺ ልጅ ትጠይቃለች፣ መልሱ ሳይመጣ ሌላ ትጠይቃለች። ጀርባ ሰጥቻት ጠይቂና ጠብቂ አልኳት። ሰው ትንፋሽ ሲስብ ገና አልጨረሰም ማለት ነው።»

«እሱ ለእርስዎ ነው» አለች ልጅቷ። «ሙሉው።»

«ጥፍሬን የቆረጥሽልኝስ?» አሉ እትዬ፣ እኔን ሳያዩ።

«እሱስ?»

«ለራስሽ ያዢው።»

ተደምሮ ለልጅቷ አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ወጣ። የቀረው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የእትዬ ሆነ። ያን ያህል ይጎድላታል ማለት ነው።

«ታዲያ በምን ልርዳዎት?» አለቻቸው ልጅቷ።

«ምንም አልፈልግም።»

እኔ አፌን ልከፍት ስል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ዝም አለች። እትዬም ዝም። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ በሆዴ እየጸለይኩ ነው። በመጨረሻ እትዬ ረዥም ትንፋሽ ሳቡ።

«ደረጃው» አሉ።

ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ደጅ ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ወርደው ስድስት ወጡ፤ ያ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ልጅቷ በአንድ እጇ ወንበር ተሸክማ፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዛ፣ ሲደክሙ ወንበሩን ትዘረጋላቸዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊ በሩን ከፍቶ «እትዬ፣ ዛሬ ስንት ደረሱ?» ሲላቸው «አንተ ሥራ የለህም? የሰው ሱሪ ስፋ!» ይሉታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉልበታቸው አብጦ ሩብ ሰዓት ብቻ ሠሩ። በነጋታው ግን ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የምዝገባው መጨረሻ፣ ደጅ ደረሱ። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ መጥቼ ከታች ቆሜ ነበር። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የልጅቷ ሰዓት ብቻ የሰፈረበትን አዲሱን ቅጽ አወጣሁላቸው። እትዬ ሰዓታቸውን አዩና፣

«አሥር ደቂቃ ይቀራል» አሉ።

«እትዬ፣ ቢሮው ይዘጋል እኮ!»

«አሥር ደቂቃ ይቀራል አልኩሽ። ነይ አንቺ ልጅ፣ እስከዚያች ግንብ ውሰጂኝ።»

ግንቡ ድረስ ወሰደቻቸው። አንድ መኪና ሲያልፍ ቆመው አሳለፉት። ከግንቡ ጥግ ያለውን አዲስ ፎቅ አይተው «ይሄ ደግሞ መቼ ተሠራ?» አሉ። ልጅቷ ነገረቻቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ ሰዓታቸውን እንደገና አይተው፣ በ«አገልግሎት ተቀባይ» ሥር ስማቸውን ጻፉ። እጃቸው ትንሽ ቆመ፤ ግን ጻፉት። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ በረረች።

ደርሳለች። ምክትሉ ደቂቃዋን ሳይቀር ደምሮ ነው ማኅተም የመታላት። ስሟን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ጠዋት፣ በጥሩ ቀለም።

ከእትዬ ጋር ግን እስካሁን አልታረቅንም። አሁን ከልጅቷ ጋር ማክሰኞና ሐሙስ ያለ ቅጽ ይወርዳሉ፤ እኔን ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሱልኝ። «ይቅር አሉኝ?» ስላቸው «እያሰብኩበት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልቸኩልባቸውም። ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው። እባካችሁ፣ ስትጸልዩ ልጅቷን አስቡልኝ፤ ከተረፋችሁ ደግሞ፣ እትዬ ስልከኛ ይቅር እንዲሉኝ ለእኔም አንድ ቃል ጨምሩልኝ።