ከመቶ ግራም ውስጥ

1.

ቀጭ።

2.

ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ነው። እኔ ከዚህ ወገን ቁጭ ብዬ ፓኬት ላይ መለያ እለጥፋለሁ፤ ማዶው አይታየኝም። ድምፁን ስሰማ ግን ዘጠኝ ሰዓት እንደሞላ አውቃለሁ። እትዬ አስካለ በቸኮሌት የተነከረ ደረቅ ማንጎ በፊት ጥርሳቸው ሲሰብሩ ነው። ቀጭ ካለ ቸኮሌቱ ደህና ረግቷል። ዝም ካለ ሁሉም ተመልሶ ይቀልጣል።

ደብረ ብርሃን ላይ ለዚህ ሥራ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ መስኮት መክፈት ነው። ማንጎው አርባ ምንጭ ደርቆ ይመጣል፣ ብርዱ ከእኛ።

3.

መለያ፣ ረቂቅ አንድ

በ100 ግራም ውስጥ፦
ኃይል 430 ኪሎ ካሎሪ
ስብ 17 ግራም
ስኳር 56 ግራም
አሰር 5 ግራም
ፕሮቲን 3 ግራም
የተሠራበት፦

የመጨረሻውን መስመር ባዶ የተውኩት ላሳስብህ ብዬ አይደለም፣ አንባቢ። የቤቱ ባለቤት አቶ መንገሻ ከላቦራቶሪ ያመጡት ወረቀት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቸኮሌቱ ከምን እንደተሠራ ከካርቶኑ ላይ አይተህ ገልብጥ ብለውኛል። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት፣ እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ስለሆንኩ።

4.

እትዬ አስካለ ወረቀቱን በየቀኑ አንድ አንድ መስመር ያስነብቡኛል። ዓይናቸው ደቃቃ ፊደል አይይዝም።

የመጀመሪያው ቀን ኃይል ነበር። ሰውን የሚያስኬደው ነው አልኳቸው። አራት መቶ ሠላሳ እየበላሁ ታዲያ ያቺ ዳገት ለምን ታስለከልከኛለች አሉ። አንዷ ቁራጭ ስምንት ግራም ብትሆን ነው፣ የደረሰዎት ሠላሳ አራት ነው ብዬ አሰላሁላቸው።

«ቆጥረህ ነው እንዴ የምታበላኝ?»

በማግስቱ ስኳር ሆነ። ከግማሽ በላይ ስኳር ከሆነ ፓኬቱ ላይ «ለጤና» የሚለው ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ማንጎው አለበት፣ አሰሩ ለሆድ ጥሩ ነው አልኩ። ማንጎውማ የእግዜር ነው፣ እኛ ምን ጨመርን አሉ።

ፕሮቲን የደረሰ ቀን ክንዴን በሁለት ጣታቸው ለክተው፣ አንተን ላቦራቶሪ ብንልክህ ወረቀቱ ባዶ ነው የሚመለሰው ብለው ሳቁብኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለምበላ ነው ይላሉ። ብቻውን የሚበላ ሰው አይወፍርም።

እኔ በዚህ ዓለም ላይ የማወራው ሰው ብትለኝ፣ እሳቸው ናቸው።

5.

ስለቱ።

ልጃቸው አያልነሽ መሐል ሜዳ ነው ያገባችው። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እትዬ አስካለ ለማርያም ተሳሉ፦ ሁዳዴን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የፍስክ ነገር በአፋቸው ሳይዞር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሊጾሙ፤ እሷ ደግሞ ልጅቷን በሰላም ልታገላግል።

ስለዚህ በቀን መጀመሪያ አፋቸው የሚገባው ያ የሚቀምሱት ማንጎ ነው። ጾሙን በቸኮሌት የሚፈታ ሰው በአገሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ይላሉ። ችግር የለውም፤ ቸኮሌታችን ወተት የሌለው ነው። ፓኬቱ ላይ «የጾም» ይላል። የምለጥፈውም እኔ ነኝ።

6.

ሰኞ፣ የተሠራበትን ልገለብጥ አዲሱን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። ጽሑፉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ላጥኩት። ስኳር። ካካዎ። የካካዎ ቅቤ።

ወተት።

የወተት ዱቄት ነው፣ ከመቶው ስድስት። አሮጌውን ካርቶን ፈልጌ አየሁ፤ እሱ የለበትም። መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር።

ለአቶ መንገሻ ደወልኩ። ቸኮሌቱን የሚሸጥልኝ ነጋዴ ሳይነግረኝ ለውጦብኛል አሉ። የጾም የሚለውን መለጠፍ አቁም፣ ሱቅ የገባውን እኔ እሰበስባለሁ፣ የሚነከረው ለፋሲካ ይሆናል። ለእትዬ አስካለ ቅዳሜ ስመጣ ራሴ እነግራቸዋለሁ አሉኝ።

አዲሱ ካርቶን ከተከፈተ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር።

7.

 

 

8.

ባዶ የተውኩት ሰባተኛው ላይ ለእትዬ አስካለ መንገር ነበረብኝ።

ማክሰኞ፦ ቀጭ።

ረቡዕ፦ ቀጭ።

በሁለቱ ቀን ውስጥ ለራሴ ያልኩት ብዙ ነው። ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርም። ቢያውቁ ከሆድ አይወጣም። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። አያልነሽ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፣ አያድርገውና፣ እኔ በበላሁት ወተት ነው ይላሉ እትዬ አስካለ። እነዚህን ሁሉ ጽፌ ነበር፤ አንዱም ስለ እሳቸው እንዳልሆነ ሳይ ሰረዝኳቸው። ሁሉም ስለ እኔ ነው። ዳግመኛ መስመር አያስነብቡኝም ብዬ ነው የፈራሁት።

9.

መመሪያ

እጅህን ታጠብ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሂድ። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» ብለህ አትጀምር፤ ሰው ሞት መስሎት ይደነግጣል። ሌላ መንገድ ካገኘህ እዚህ ጻፍልኝ፦

10.

ሐሙስ። ስምንት ሰዓት ተኩል። እሳቸው ራሳቸው መጡ፣ በርጩማቸውን ይዘው።

እሳቸው፦ ላይ ላዩን ጨርሰናል። የታችኛውን መስመር አንብብልኝ።

እኔ፦ ደረቅ ማንጎ። ስኳር። ካካዎ።

እሳቸው፦ እህ።

እኔ፦ የወተት ዱቄት።

እሳቸው፦ ለፋሲካ የሚመጣው ነው?

እኔ፦ አይደለም፣ እትዬ። አሁን የሚነክሩት ነው።

እሳቸው፦ ከመቼ ጀምሮ?

እኔ፦ ሃያ ቀን ሆነው። ማንም አላወቀም ነበር። እርስዎም አላወቁም፣ ስለዚህ—

እሳቸው፦ አንተ መቼ አነበብከው?

እኔ፦ ሰኞ።

እሳቸው፦ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ልጄ።

11.

ያየሁትን ብቻ ልጻፍ።

አልጮኹም። አላለቀሱም። ወደ ማዶ ገቡ፤ ተከተልኳቸውና በሩ ላይ ቆምኩ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ታጠቡ፣ ጊዜ ወስደው። ሽርጣቸውን አውልቀው አጠፉት። ከትሪው ላይ አንዲት ቁራጭ አነሱና በወረቀት ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ልሸኝዎት ወይ አልኩ። በአጠገቤ ሲያልፉ ጉንጬን የነካኝን ቸኮሌት በእርጥብ አውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ።

ከግቢው በር በስተቀኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በስተግራ ቤታቸው። ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የመሐል ሜዳ መኪና ይቆማል። እዚያ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። ሣር የጫነ ጋሪ መጣ፣ መንገዱን ሞልቶ።

ጋሪው ሲያልፍ የሉም፤ በየትኛው በኩል እንደሄዱ አላየሁም።

12.