የደረሰ ውፍረት

የሽንዲ ሰው የከሳ ሲያይ ያዝናል እንጂ የወፈረ ሲያይ ጤናውን አይጠራጠርም። ስለዚህ የመንደሩ ልጅ የደረሰ ፊት እንደ ሊጥ ኩፍ ባለ ጊዜ መንደሩ ደስ አለው። «እሰይ፣ መድኃኒቱ ተስማማህ!» ይለዋል ያየው ሁሉ። ጫማው አልገባ ሲለው ደግሞ እህቱ ሲሳይነሽ፣ «ተመስገን፣ እግርህም ወፈረ» አለች።

ደረሰ ከአሥር ዓመት በላይ የአእምሮ መድኃኒት ውጧል። ጆሮው ላይ ይጮኹ የነበሩት ድምፆች ዝም ብለዋል፤ መንደሩ ግን ዝም አላለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሱን ግን «እብዱ ደረሰ» የሚለው ስም በቁሙ ቀብሮታል።

ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ «ሽንቴ አረፋ ሆኗል፤ ኩላሊቴን ሳያመኝ አይቀርም» አለ።

ባለሙያው አዘነለት። «ይህን ማን ነገረህ? ድምፅ ነው?»

«ዓይኔ ነው» አለ ደረሰ።

ባለሙያው የእብደት መድኃኒቱን ጨመረለት። ምን ይደረግ፣ እብድ ኩላሊት የለውማ!

ደረሰ ተናደደ። የእህቱን ባል የመልካሙን አዲስ ኮት ተውሶ፣ መልካሙንም አስከትሎ፣ ማንም እሱን ወደማያውቅበት ወደ ቡሬ ሄደ። «አደራህን፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ» አለው መንገድ ላይ። አንድ የግል ክሊኒክ ገቡ።

«ምን ያምዎታል ጋሼ?» አለ ወጣቱ ሐኪም። ደረሰ ስለ እብጠቱም ስለ አረፋውም ነገረው። ሐኪሙ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማው። ደረሰ ዕንባው መጣ፤ ሰው እንዲህ ካዳመጠው ቆይቷል።

ሽንቱና ደሙ ተመረመረ። «ኩላሊትዎ ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ። «ደግነቱ ገና ሊታከም ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? እንዳይደብቁኝ፤ ለኩላሊት የማይሆን ከሆነ መለወጥ አለበት።»

ደረሰ መልካሙን አየው፣ በሩን አየው። ቢደብቅ ኩላሊቱ ሊሄድ ነው፤ ቢናገር ሰው መባሉ። ቢሆንም መኖር ይፈልጋል። ከኮቱ ኪስ እንክብሎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም አነበበ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መልካሙ አዞረ።

«አስታማሚው እርስዎ ነዎት? እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ምኑን ነው የሚያመው?»